እግርሽን ሰብስቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ሳሎኔ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ድምፄ ካስተጋባባችሁ ምንጣፉን ስለጠቀለልኩት ነው፤ ለምን እንደጠቀለልኩት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የማወራችሁ ስለ ስፕሊት ነው። አንዱ እግር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ዳሌ መሬት የሚነካበት፣ ሰርከስና ቴኳንዶ ላይ የምታዩት። 37 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ስፕሊት ለመውረድ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ የሰርከስ ልጆች ይለማመዱ ነበር። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ በኋላ ጅማም፣ ናዝሬትም፣ መቀሌም ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ የኛ ሰፈር ልጆችም ያንን አይተው የጀመሩ ናቸው። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ አያቸዋለሁ። አንዲት እኩያዬ ነበረች፣ እያወራች፣ ምንም ሳይመስላት መሬት ላይ ትዘረጋለች። ቤት ገብቼ ሞከርኩት። እናቴ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እግርሽን ሰብስቢ» ብቻ አለችኝ።

ሴቶች አድማጮቼ ይህቺን ቃል ታውቋታላችሁ። ታክሲ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ፣ ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲመጣ። እናቴን አልወቅሳትም። እሷም ከእናቷ የወረሰችው ነው፣ ልትጠብቀኝም ፈልጋ ነው። ግን ቃሏን ከጆሮዬ ይልቅ ሰውነቴ ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው የገባኝ አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጂም ገባሁ። አሰልጣኙን ስፕሊት መውረድ እፈልጋለሁ አልኩት። እግሬን ዘርግቼ ወደ ፊት እንድጎነበስ ነገረኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ መጥቶ መጀመሪያ በእጁ፣ ቀጥሎ በደረቱ ጀርባዬን ተጫነኝ። «ትንሽ ቻይው» አለኝ። ቻልኩት። ከመቀመጫዬ ሥር አንድ ነገር ጧ ሲል ተሰማኝ።

ለአምስት ወር ሚኒባስ ውስጥ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው። ዘመዶቼ ወጌሻ ቤት እንሂድ አሉኝ፤ እኔ ግን ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ፣ እዚያ የሰማሁትም ያልጠበቅሁትን ነው፤ ማሳሳቡን፣ ጡንቻ እየጎተቱ መወጠሩን፣ ተዪው አለችኝ ባለሙያዋ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጭን ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ወደ ላይ ወጥተው የሚታሰሩት ስንቀመጥ ወንበሩን በሚነካው አጥንት ላይ ነው። የኔ ጉዳት መታሰሪያው ላይ ያለው ጅማት ነበር። የተጎዳ ጅማት ሲጎተት አጥንቱ ላይ እየተጫነ ይብስበታል፤ መጀመሪያ መጠንከር አለበት። ስለዚህ ለወራት ሥራዬ በጀርባዬ ተኝቼ ዳሌዬን ማንሳት ሆነ፤ በሁለት እግር፣ ኋላ በአንድ እግር። ከዚያ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዤ፣ ጉልበቴን ጥቂት አጥፌ፣ ወገቤን ሳላጎብጥ ከዳሌዬ መጎንበስ። ስፕሊትን የሚያስብ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ደካማ ጡንቻ ሲወጠር ይፈራል፤ የፈራ ጡንቻ ደግሞ አይለቅም።

«ይፈራል» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሐኪም ጉልበታችሁን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግራችሁ ሳታዙት ይወነጨፋል አይደል? ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚከታተሉ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲለጠጥ ወሬውን ለሕብለ ሰረሰር ያደርሳሉ፤ እሱም አንጎልን ሳይጠብቅ ጡንቻውን ተሰብሰብ ብሎ ያዘዋል። ስትዘሉ፣ እየነጠራችሁ ወደ ታች ስትገፉ፣ ወይም ሰው ሲጫናችሁ የምትቀሰቅሱት ይህንን ነው።

ዌፕለርና ማግኑሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጽሑፍ አግኝቼ አነበብኩ። ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲያሳስቡ የቆዩ ሰዎች እግራቸው የበለጠ የሚሄደው በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ ሳይሆን የመወጠሩን ስሜት መቀበል ስለቻሉ ነው ይላሉ። ያን ቀን እናቴን አሰብኩ። ሰውነቴ እግሬን የሚሰበስበው ርዝመት አንሶት አልነበረም፤ መክፈት ደኅና ነው ብሎ የነገረው ስላልነበረ ነው።

እና እንዴት ነው የሚነገረው? የኔን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መሞቅ። የሕንፃችንን ደረጃ አሥር ደቂቃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ቀዝቃዛ ጡንቻ አላሳስብም።

ቀጥሎ የኋላው እግር። ብዙ ሰው ስፕሊት የሚከለክለው ከፊተኛው እግር ጀርባ ያለው ቋንጃ ይመስለዋል። እኔን የያዘኝ ግን የኋላው እግር ፊት፣ ከብሽሽት ወደ ውስጥ ገብቶ ከወገብ አጥንት ጋር የሚያያዘው ጡንቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው እዚያ ጋ መጥበቁ አይቀርም። አንድ ጉልበቴን ትራስ ላይ አንበረክካለሁ፣ ሌላውን እግር ከፊቴ አቆማለሁ፣ የተንበረከከውን እግር መቀመጫ ጭብጥ አደርጋለሁ። ወደ ፊት ከመግፋት በፊት ይህች መጨበጥ ትቅደም፤ አለበለዚያ ወገባችሁ ይታጠፍና ዳሌው ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

ከዚያ የፊተኛው እግር፤ ትልቁን ለውጥ ያየሁበት እዚህ ላይ ነው። እግሬን ዘርግቼ፣ ተረከዜን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ መወጠሩ በደንብ ሲሰማኝ አልገፋም። ተረከዜን ወለሉን እንደምቆፍር አድርጌ ወደ ታች እጫነዋለሁ፣ ስድስት ሰባት ሰከንድ። ጡንቻው ተወጥሮ እያለ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ እለቃለሁ፣ ትንፋሼን በረጅሙ አስወጣለሁ፣ ያኔ አንድ ሁለት ጣት ያህል በራሱ ይወርዳል። እዚያ 30 ሰከንድ እቆያለሁ። ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። የዚህ ዘዴ መነሻ ስፖርት አይደለም፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ኸርማን ካባት ሽባነት ላለባቸው ሕሙማን ካዘጋጀው ሕክምና የመጣ ነው። 30 ሰከንዱም ከባዶ አልመጣም፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ባንዲና አይሪየን የቋንጃን ማሳሳብ ሲያወዳድሩ 30 ሰከንድ ከ15 ይሻላል፣ 60 ደግሞ ከ30 የሚጨምረው ነገር የለም የሚል ውጤት ነው ያገኙት።

መጨረሻ ላይ ስፕሊቱ ራሱ። ምንጣፉ የተጠቀለለው ለዚህ ነው፤ ካልሲ አድርጌ ሴራሚኩ ላይ የፊተኛውን ተረከዜን በቀስታ አንሸራትታለሁ። ግራና ቀኝ ሁለት የቡና በርጩማ አለኝ፣ ክብደቴን በእጄ እነሱ ላይ አደርጋለሁ። ዳሌዬ ወደ ጎን እንዳይዞር እምብርቴ የፊት እግሬን ጣቶች እንዲያይ አደርጋለሁ። ሳምንት ሳምንት ቁመቱ ሲቀንስ በርጩማውን በወፍራም መጻሕፍት ቀየርኩት። በሳምንት አራት ቀን ብቻ ነው፤ በመካከሉ ማረፍ ግድ ነው።

እባካችሁ ይህችን ስሙኝ። የጡንቻው መሀል ላይ የሚሰማ መወጠር ይሁን፣ ግድ የለም። ከጉልበት ጀርባ ወይም እስከ እግር ጣት የሚነዝር፣ የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን የምትጎትቱት ጡንቻ ሳይሆን ነርቭ ነው። መቀመጫ አጥንት ላይ የሚወጋ፣ ብሽሽት ፊት ለፊት የሚቆነጥጥ ከሆነም ውጡ። «ቻይው» የሚላችሁን አትስሙ። ልጆቻችሁን ስልጠና የምታስገቡ ደግሞ አንድ ቀን ገብታችሁ ተመልከቱ። ልጅ ጀርባ ላይ የሚቀመጥ አሰልጣኝ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ጎን የሚከፈተውን ስፕሊት ብዙም አልነካሁትም። እሱ የአጥንት ነገር አለበት፤ የጭን አጥንትና የዳሌ ጎድጓዳ አገጣጠም ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንዳንዱ ዳሌውን ወደ ፊት ካልደፋ አጥንት ከአጥንት ይጋጫል፣ አንዳንዱ ደፍቶትም አይሄድለትም።

ዘንድሮ ስቅለት ላይ ስሰግድ ውዬ በማግስቱ ደረጃ በቀላሉ ወረድኩ። ከዚህ በፊት ግድግዳ ይዤ ነበር የምወርደው።

ባለፈው እሁድ እናቴ መጣች። 68 ዓመቷ ነው፤ ምስር ስትለቅም ተረከዟ ከመሬት ሳይነሳ ቁጢጥ ብላ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች፣ ያንን እኔም አልችለውም። ልምምድ ላይ ደረሰች። ትሰበስበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዝም ብላ አየችኝና መጻሕፍቱ ሲንሸራተቱ በእግሯ ደገፈችልኝ። «መሬቱን ስንት ቀረሽ?» አለችኝ። አይታየኝም አልኳት። ጎንበስ ብላ ለሩዝ ውኃ እንደምትለካው ጣቶቿን ከሥሬ አስገባች።

«አራት ጣት» አለች። ግራውንም አዞረችኝና ለካችልኝ። ስንዝር ከሁለት ጣት።

ምንጣፉን ልዘርጋው፣ ልጆቹ ሊገቡ ነው። ደኅና ሁኑልኝ።