በሩ ይከፈትልን

በደሴ ለሰንበት ትምህርት ቤት ነባርና አዲስ አባላት ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ከግሸን በሰላም መለሳችሁ። መስከረም 21ን አምባው ላይ ላከበራችሁ ሁሉ የዳገቱ ድካም ገና ከጉልበታችሁ አልወጣም። ደስታውም ፊታችሁ ላይ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ኅዳር ነው። ኅዳር ሲገባ ይሄ ደስታ የት ይሄዳል?

በመንፈሳዊ ሕይወት ስለ ማደግና ስለ ደስታ ተናገር ተብያለሁ። እንግዲያው ስለ አያቴ ልንገራችሁ።

አያቴ የአምባሰል ሴት ናት። በ1977ቱ ድርቅ ሁለት ልጆቿን ቀብራለች። ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ከአንድ የቆሎ ተማሪ ጋር ደጃፍ ተቀምጣ ሀ ሁ ጀመረች። በስንደዶ እየጠቆመች ታነባለች። ሃሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ ስታምታታ ልጁ ይቆጣታል። እሷ ዝም ብላ ቆሎ ትዘግንለታለች። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ።

አንድ ማለዳ ዳዊቷን ገለጠች። «ብፁዕ ብእሲ» የሚለውን የመጀመሪያውን መዝሙር ብቻዋን አነበበች። እልልታዋ ሰፈሩን አናወጠው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን «ምን ተገኘ?» ብለው እየሮጡ መጡ። «አነበብኩ!» አለቻቸው። እሳቸውም አብረው እልል አሉ። ያን ቀን ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈላ።

ልጆቿን ስትድርም እንዲያ ስትደሰት አላየኋትም። ያው መዝሙር በወራጅ ውኃ ዳር ስለተተከለች ዛፍ ይናገራል። ፍሬዋን «በየጊዜዋ» ትሰጣለች ይላል። ቦርከና ወንዝ ዳር ችግኝ የተከለ ሰው ይሄ ይገባዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው እስር ላይ ሆኖ ነው።

እኛስ? ልጆቻችንን ምን አበላናቸው? ያደግኩበት ሰንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ዛሬ ድንኳንና ስፒከር ተከምሮበት ተቆልፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ! ስንክሳሩ፣ ድርሳኑ፣ አንድምታው አቧራ ለብሷል። ለበዓል ቲሸርት ገንዘብ ጠፍቶን ያውቃል? አያውቅም። ለመደርደሪያ ሲሆን ግን ሁሌ የለም። ከዚያ «ወጣቱ ቀዘቀዘ» እንላለን። እንዴት አይቀዝቅዝ? በዓመት አንዴ እያስጨበጨብን፣ በቀረው ጊዜ በሩን ዘግተንበት!

ስለ ጾምና ስለ ንስሐ አባትም ላነሳ ነበር። እሱን አባቶች ከእኔ በተሻለ ይነግሩናል።

እኔ ልመናዬ አንድ ነው። ድንኳኑ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር። ለማውጣቱ ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ጋር እመጣለሁ። ቁልፉን የያዛችሁ፣ እባካችሁ ቀድማችሁን ተገኙ።