«አዎ» የምትለውን ሳጥን ከመጫናችሁ በፊት

ክቡራን ሐኪሞች፣ የክሊኒክ ባለቤቶችና ኦፊስ ማናጀሮች፤

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ታካሚ የምታዩ ብዙ ናችሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት የታካሚ መዝገብን ወደ ኮምፒውተር ላዞረ ሐኪም ሜዲኬር እስከ 44,000 ዶላር ይሰጥ የነበረበት ዘመን አልፏል። አሁን ያለው ሚፕስ (MIPS) ነው፤ ሜዲኬር ሐኪሙን በነጥብ እየመዘነ ክፍያውን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግበት አሠራር። ከ75 ነጥብ በታች ያመጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሜዲኬር ክፍያው እስከ 9 በመቶ ይቆረጥበታል። በመደበኛው ስሌት ከመቶው 25ቱ የመዝገብ ሶፍትዌሩ አጠቃቀም ነጥብ ነው።

ይህን ባነሳን ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ሶፍትዌራችን ሰርተፋይድ (የመንግሥትን መስፈርት ፈተና ያለፈ) ነው፤ ካምፓኒው ይጨርሰዋል።» አይጨርሰውም! በ2017 ኢክሊኒካልወርክስ የተባለው ካምፓኒ 155 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተስማማበትን ክስ አስታውሱ። ሶፍትዌሩ ማንኛውንም የመድኃኒት ኮድ ከሙሉ ዳታቤዝ ፈልጎ ማውጣት ነበረበት። በክሱ መሠረት ግን ለሰርተፊኬቱ ፈተና የሚያስፈልጉት 16 ኮዶች ብቻ በቀጥታ ተጽፈውበት ነው ያለፈው። ያንን ሶፍትዌር ይዘው «መስፈርቱን አሟልተናል» ብለው የፈረሙት ግን ሐኪሞች ናቸው። ሰርተፊኬቱ የሻጩ ነው፤ ፊርማው የእናንተ!

ከሁሉም የከፋው የደኅንነት ስጋት ግምገማው ነው፤ የታካሚ መረጃ በየት በኩል ሊሰረቅ ወይም ሊወጣ እንደሚችል የሚፈተሽበት። ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተሠራ 25ቱም ነጥብ ዜሮ ይሆናል። እኛ ዘንድ ምን ይደረጋል? የአምናው ወረቀት ላይ ቀኑ ብቻ ይቀየርና «ግምገማው ተሠርቷል ወይ?» ለሚለው «አዎ» ይጫናል። ይህ ለፌዴራል መንግሥት የሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ ሌላ ስም የለውም!

ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። የታካሚ መረጃ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ጻፉ፦ ሰርቨሩን፣ የሪሴፕሽኑን ኮምፒውተር፣ ሐኪሙ ቤት ይዞት የሚሄደውን ላፕቶፕ፣ ስልኩን። ኮፒ ማሽኑንም አትርሱ፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አለ፤ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ሲመለስ የታካሚዎቻችሁን ወረቀት ይዞ ይወጣል። በእያንዳንዱ ፊት ማን እንደሚከፍተው፣ ኢንክሪፕት መደረጉን፣ ቢሰረቅ ምን እንደሚከተል አስፍሩ። ከዚያ የሶፍትዌሩን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ክፈቱ። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት አሁንም ክፍት ሆኖ የሚገኘው እዚያ ነው። ለተገኘው ክፍተት ሁሉ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚዘጋው ጻፉና ፈርሙበት።

የቀሩትን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሶፍትዌሩ አጠቃቀም ሪፖርት በዓመቱ ውስጥ 180 ተከታታይ ቀናት ስለሚፈልግ ከጁላይ 5 በኋላ የጀመረ አይደርስም። ፕሮቫይደሮቻችሁ ከ15 የማይበልጡ ከሆነ ይህ የ25 ነጥብ ክፍል በራሱ ይነሳላችኋል፤ ነገር ግን ዳታ ከላካችሁ ይቆጠርባችኋል፤ በሂፓ (የታካሚ መረጃ ጥበቃ) ሕግ ደግሞ የስጋት ግምገማው ግዴታነቱ አይቀርም። የክትባት ዳታ የምትልኩ፣ ዳታውን የሚቀበለው የክትባት መዝገብ ቢሮ የጻፈላችሁን ማረጋገጫ ያዙ።

የሶፍትዌሩን ቨርዥንና የሰርተፊኬት ቁጥሩን የሚያሳየውን ገጽ፣ ከሪፖርቱ ጋር፣ የሚቀጥለው ዓመት ማርች 31 ከማለፉ በፊት በላካችሁበት ዕለት ፕሪንት አድርጉ። ሶፍትዌር ስትቀይሩ የድሮው ሪፖርት አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ኦዲተሩ ግን እስከ 6 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይጠይቃችኋል።