ፀጉሩ ለሚረግፍ ትልቅ ውሻ የቱ ብሩሽ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሲኤምሲ ነው የምደውለው። ጀርመን ሼፐርድ አለን። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ጥቁር ልብስ የተባለ ሁሉ ፀጉር በፀጉር ሆኗል። በሰው ፀጉር ብሩሽ ሞክሬ ምንም ጠብ አላለልኝም። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰው ብሩሽ ላይ ላዩን ዳሰስ አድርጎት ነው የሚያልፈው። የጀርመን ሼፐርድ ፀጉር ድርብ ነው። ከላይ ውሃና ቆሻሻ የሚከላከል ጠንካራ ፀጉር አለ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ሶፋሽን ከሚሞላው ውስጥ ብዙው ይሄ የሥሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ ድረስ የሚገባ መሣሪያ ግዢ። አንደርኮት ሬክ ይሉታል፤ የብረት ጥርሶቹ ረዘም ያሉና ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ ናቸው። ጫፋቸው ዱልዱም መሆን አለበት። እዚያው ሱቅ ውስጥ የክንድሽን የውስጥ በኩል ሳብ ሳብ አድርጊበት። አንቺን ከጫረሽ እሱንም ይጭረዋልና ተዪው።

ሁለተኛው ስሊከር ነው፣ ቀጫጭን ጎበጥ ያሉ ሽቦዎች ያሉት። ሬኩ ያላቀቀውን እሱ ይሰበስበዋል። ከሁለቱ ሌላ ብዙ ወጪ አያስፈልግሽም።

ዋናው ግን አያያዙ ነው። ውጪ አውጪው። ፀጉሩን በአንድ እጅሽ ወደ ላይ ገለጥ አድርገሽ ቆዳው ሲታይሽ፣ ከዚያ ጀምረሽ ወደ ውጪ በቀስታ አበጥሪ። ጫን አትበይ፣ አንድ ቦታ ላይም አትመላለሺ፣ ቆዳው ይቀላል። ከጆሮው ኋላ፣ ማሰሪያው ሥር እና የኋላ ጭኑ ላይ ነው በብዛት የሚቋጠረው፤ ሰው ደግሞ ሁሌ ጀርባውን ብቻ አበጥሮ ይተወዋል! በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ። ሃስኪ አለኝ። ፀደይ ሲመጣ ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ ይወልቃል። ጓደኛዬ ለበጋው ሙልጭ አድርገህ ላጨው ይለኛል። ስለት ያለው ማራገፊያም ገዝቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትላጨው። ያ ፀጉር ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይከልለዋል፣ ከተላጨ በኋላ ደግሞ አንዳንዴ በትክክል አይመለስም፣ ሸካራ ወይም ቦታ ቦታ የጎደለው ሆኖ ያድጋል። ስለታሙ መሣሪያ ይሠራል፣ ግን ከበዛ የላዩን ፀጉር ይቆርጠዋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ፣ በለዘብታ። በዚህ ወቅት በየቀኑ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በሬክ አበጥረው። ገላውን ልታጥበው ከሆነ ቋጠሮውን አስቀድመህ ፍታ፣ ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል። ከታጠበ በኋላ በማይሞቅ የፀጉር ማድረቂያ ብትነፋው የላላው ሁሉ እየበነነ ይወጣል፣ ስለዚህ በር ዝጋ።

ጥያቄ፦ ከቦሌ ነኝ። የእኛው ደግሞ ከመርገፍ አልፎ ጎኑ ላይ ተመልጧል፣ ያክከዋል። ምን ዓይነት ብሩሽ ይሻለዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ ለእርስዎስ ብሩሽ አልመክርም። ፀጉር ሲረግፍ ሁሉም ቦታ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ነጥሎ አይመልጥም። ቁንጫ ወይም የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ እስከዚያው የተመለጠውን ቦታ አያበጥሩት፣ ልጆቹም እሱን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።