ጆሮም የሰውነት ክፍል ነው

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ እንድትሰማኝ ብዬ ነው።

ስለ ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ስለሚሰጠው የጤና መድን፣ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት በፈረንጆቹ ጁላይ 30 ቀን 1965 ነው። ስንቱን ሽማግሌ ከሆስፒታል ዕዳ ያዳነ ሕግ ነው። ግን የመስሚያ መሣሪያ፣ መነጽርና የተለመደው የጥርስ ሕክምና ያኔ ውጭ ቀሩ። ይኸው ዛሬም ውጭ ናቸው።

የእማዬን ነገር ላውራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እየጨመረ መጣ። ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወች። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ ምን እንደተባለ ግን አልሰማችም። ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። «መድኃኒቱን በቀን ስንቴ ነው የምትወስጂው?» ስላት «እሺ» አለችኝ። ደገምኩላት። «እሺ ልጄ» አለች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ስንት ወር መድኃኒቷን በ«እሺ» ስትውጥ ኖራ ይሆን?

የጆሮ ምርመራ ታዘዘላት። ሜዲኬር ለምርመራው ድርሻውን ከፈለ። ውጤቱ ሁለቱም ጆሮዎቿ ደክመዋል ይላል። መሣሪያውስ? አይከፍልም! «አትሰሚም» ብሎ ለመንገር ገንዘብ አለ፤ እንድትሰማ ለማድረግ የለም። ይሄ ምን የሚሉት አሠራር ነው?

ደግሞ ምጽዋት አይደለም የምንጠይቀው! ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊቱን ቆማችሁ ስትሠሩ ከየደሞዛችሁ ከመቶ 1.45 ለሜዲኬር ተቆርጧል። ታክሲ የነዳችሁማ የአሠሪውንም ድርሻ ጨምራችሁ 2.9 ከፍላችኋል። ከፍላችኋል!

አንዳንዶቻችሁ የግል የመድን ኩባንያዎች በሚያቀርቡት ሜዲኬር አድቫንቴጅ በኩል የጥርስም የጆሮም ሽፋን አላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ኩባንያው በየዓመቱ ሊቀይረው ይችላል። እኛ የምንለው ሕጉ ውስጥ ይግባ ነው።

አይሆንም የሚላችሁን አትስሙ። ለሜዲኬር ተጠቃሚዎች የኢንሱሊን ክፍያ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ የተወሰነው በ2022 በወጣ ሕግ ነው። ያም የመጣው ሰው ስለጮኸ ነው። ያገኘነውንም እንዳይነኩብን ነቅተን እንጠብቅ።

በሩ ጋ ለኮንግረስ ተወካያችን የሚላክ ደብዳቤ አለ። በአማርኛም ተተርጉሟል። አንብባችሁ ፈርሙ። ማንበብ ለሚቸግራችሁ ልጆቹ ያነብላችኋል፣ ጮክ ብለው።