በዓሉ አልደረሰም፦ ጠማማ የመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ እንዴት ይፈታል?

[ምስል፦ ጅማ ከተማ፣ በአንድ ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ባለ ሰንጠረዥ ወረቀትና እርሳስ። በስክሪኑ ላይ «አግድም 1፦ በዓሉ አልደረሰም (2 ፊደል)» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።]

ተራኪ፦ ይህን ፍንጭ የሚያነብ ሰው ወዲያው በዓል የሚጠባበቁ ሰዎች ይታዩታል፤ አዘጋጁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ዐረፍተ ነገሩን እንደ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ትተን ቃላቱን ለየብቻ ስንመረምር ነው። «በዓሉ» አንድ ፍቺ፣ «አልደረሰም» ደግሞ ሌላ ፍቺ ሲሆን ሁለቱ የሚገናኙት «ገና» ላይ ነው። የበዓሉን ስም ስንጠራ «ና» ይጠብቃል፣ ጊዜው አለመድረሱን ስንናገር ይላላል፤ ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። እዚሁ ጅማ በሚነገረው በአፋን ኦሮሞ እንዲህ ያለው ማታለያ አያስኬድም፤ በቁቤ የሚጠብቅ ተነባቢ ተደግሞ ስለሚጻፍ ምስጢሩ ገና ሳይጀመር ይጋለጣል።

[ምስል፦ የአሮጌ ጋዜጣ ገጽ፣ በአልማዝ ቅርጽ የተሠራ ሰንጠረዥ።]

ተራኪ፦ አርተር ዊን የተባለው ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ያወጣው የመጀመሪያው መስቀለኛ ቃላት ፍንጮቹ ቀጥተኛ ፍቺዎች ነበሩ። ጠማማው ዓይነት ያደገው በብሪታንያ ሲሆን፣ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም በኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ያዘጋጅ የነበረው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ በ1920ዎቹ ከቀያሾቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የጸናው ደንብ እንደሚለው፣ ደህና ፍንጭ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የመልሱ ፍቺ ነው፣ ሌላው መልሱ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚነግር የቃላት ጨዋታ ወይም በ«ገና» እንዳየነው ሁለተኛ ፍቺ ነው። ፍቺው ሁልጊዜ ከፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል እንጂ መሃል ላይ አይገባም።

በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይመስልም። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ፣ ቅኔ አዋቂዎችም ሳይቀሩ የሚሰናከሉበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቅኔ ሰሙ ከወርቁ ጋር አብሮ ይኖራል፤ በፍንጭ ግን ሰሙ ወርቁ እንደተገኘ የሚጣል ነው። ከዚህም በላይ የቅኔው ኅብረ ቃል በአብዛኛው የሚጫወተው በትርጉም ሲሆን፣ የፍንጩ ጨዋታ ግን ትርጉምን ትቶ ወደ ፊደላቱ ሊወርድ ይችላል።

[ምስል፦ «የጅማ ሀብት በሕዝቡ ናፍቆት ውስጥ ይገኛል (2 ፊደል)»። «ቡ» እና «ና» ቀስ ብለው ይደምቃሉ።]

ተራኪ፦ ስለ ናፍቆት የሚያስብ መልሱን አያገኝም። «ውስጥ ይገኛል» የተባለው በቁሙ እውነት ነው፤ «ሕዝቡ» የሚያልቅበትና «ናፍቆት» የሚጀምርበት ሲገጣጠሙ «ቡና» ይሆናሉ። እንዲህ ያሉትን ጠቋሚ ቃላት መለየት የጥበቡ እኩሌታ ነው። «ተገለበጠ»፣ «ተመለሰ» ካለ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። «የሚለበልብ ተክል ቢገለበጥ የገበሬው እርሻ» ቢባል፣ ሳማ ተገልብጦ ማሳ ይሆናል። «ራስ ወደ ኋላ ተመልሶ ደመወዝ ያስገኛል» ሲባል ደግሞ መልሱ «ስራ» ነው፤ ቃሉ በንጉሡ ሠ መጻፍ አለበት የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፣ ግን አዘጋጁ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ካልቆጠረ አግድሙና ቁልቁሉ ሲጋጩበት ይውላል።

የፊደላት መዘበራረቅን በተመለከተ አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። «ከረመ ተምታቶበት ሌላውን በሐሳብ ረዳ (3 ፊደል)» የሚለውን እንውሰድ። «ተምታቶበት» የሚለው ከ፣ ረ እና መ ቦታ እንዲለዋወጡ ያዛል። ከሚወጡት ውስጥ «ከመረ» ድርቆሽ ለሚቆልል ሰው ይሆናል፣ «መከረ» ግን «ሌላውን በሐሳብ ረዳ» ከሚለው ፍቺ ጋር ስለሚስማማ መልሱ እርሱ ነው። ረገመ፣ መረገ እና ገረመም እንዲሁ ከረ፣ ከገ እና ከመ የተገኙ ናቸው። ይህ የሆነው ባለ ሦስት ፊደል ኃላፊ ግሦቻችን ብዙውን ጊዜ በግዕዝ ቤት ስለሚሰለፉ ነው፤ «ይከርማል» እና «ይመክራል» ብለን እንዳረባናቸው ግን አናባቢው ይለወጥና ጨዋታው ይፈርሳል።

[ምስል፦ በጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፤ ከሥሩ «የአባ ጅፋር አገር ላይ የትምህርት መጀመሪያ ሲታከል ጡንቻን ከአጥንት ያያይዛል (3 ፊደል)»።]

ተራኪ፦ እዚህ «መጀመሪያ» የመጀመሪያውን ፊደል ያመለክታል፤ የትምህርት መጀመሪያ «ት» ነው። ጅማ ላይ ሲታከል «ጅማት» ይወጣል።

መንገዱ የጠፋበት ሰው ፍንጩን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ፍቺው ከየትኛው ጫፍ እንደሆነ ይገምት፣ የቀረውን እንደ ትእዛዝ ይውሰድ፣ ከዚያም ወደሚያቋርጠው ቃል ይሻገር። አንድ የተገኘ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚሰጥ፣ በላቲን ፊደል ከሚጽፉት ይልቅ እኛ ከአንዲት ሣጥን ብዙ እናተርፋለን።

[ምስል፦ ባዶ ሁለት ሣጥኖች፣ አንዱ ከሌላው በላይ።]

ተራኪ፦ በቁልቁል ቃል ላይ መገልበጥ ማለት ከታች ወደ ላይ መውጣት መሆኑን ያዙና ይህን ሞክሩት። ቁልቁል 4፦ «ከተራራው የተንሸራተተው አፈር ተመልሶ ወጥቶ የኮቴ ምልክት ሆነ (2 ፊደል)»።