ወንዙን በክረምትም በበጋም ማወቅ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ መምህራን፣ የተማሪ ወላጆች፣ ከየገጠር ቀበሌው ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ባለፈው ክረምት በቦርከና ወንዝ ዳር አብራችሁን የሰነበታችሁ ተማሪዎች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። መድረኩን በዱዓና በምርቃት የከፈታችሁልንን አባቶች ከልብ አመሰግናለሁ።

የሥራና የሒሳብ ዘገባው ከሰዓት በኋላ በጸሐፊያችን ስለሚቀርብ፣ እኔ የማነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እርሱም ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ ተማሪዎች የምንሰጠው የክረምት የወንዝ ሥነ ምህዳር ኮርስ ነው። ኮርሱ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አሁን ባለበት አኳኋን እንዲቀጥል አልፈልግም።

ኮርሱን ስናቋቁም ቅርጹን የወሰድነው በሌላ አገር ከተዘጋጁ መመሪያዎች ነበር። በእነዚያ አገሮች ተማሪ የሚያርፍበት ወቅት ወንዙ የሚጎድልበት፣ ውሃው ጠርቶ የሥሩ ጠጠር የሚታይበት ነው። የእኛ ተማሪ የሚያርፈው ግን ቦርከና ደፍርሶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። መረብ ይዞ ገብቶ፣ ድንጋይ እየገለበጡ የውሃ ነፍሳትን መሰብሰብ የሚለው የመመሪያው ዋና ትምህርት በዚህ ጊዜ አይሠራም፤ ጎርፉ ነፍሳቱን ከነመኖሪያቸው ጠርጎ ይወስዳቸዋልና።

ባለፈው ሐምሌ ከኮምቦልቻ በታች ተማሪዎቹ ጠዋት ችካል ተክለው ምልክት ያደረጉበትን ቦታ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አጣነው። እኛ ባለንበት አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወርዶ ኖሯል። በምሳ ሰዓት ከወንዙ ወጥተን ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ይሁን እንጂ ያን ቀን ተማሪዎቹ ወደ ውሃው እንዲወርዱ የፈቀድኩት እኔ ነበርኩ፤ የወላጆቻቸውን አደራ እያሰብኩ ያደርኩባትን ሌሊት አልረሳትም። የዛሬው ሐሳቤ የተጠነሰሰውም በዚያች ሌሊት ነው።

ይህን ስል ክረምቱ ምንም አያስተምርም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ወንዛችን በክረምት የሚነግረንን በሌላ ወቅት አይነግረንም፤ ያም ስለ አፈራችን ነው። በደጋው ወንዞች ላይ በተደረጉ ልኬቶች ውሃው ከፍተኛውን ደለል የሚሸከመው ዝናቡ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ማሳው ታርሶ፣ ቡቃያው ግን ገና መሬቱን ሳይሸፍን እንደሆነ ታውቋል። ነሐሴ ሲጋመስ ዝናቡ ባይቀንስም እንኳ ውሃው ቀስ በቀስ እየጠራ ይሄዳል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በማይባር፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ 113 ሄክታር ገደማ ከሆነች አንዲት ትንሽ ተፋሰስ የሚወርደውን ውሃና አፈር በየዝናቡ ሲለካና ሲመዘግብ ኖሯል። በአገራችን ከተከፈቱት የዚህ ዓይነት ጣቢያዎች የመጀመሪያው መሆኑን ከተማሪዎቻችን መካከል የሚያውቅ አንድም አለማግኘቴ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ የክረምቱ ክፍል የደለልና የጎርፍ ትምህርት ይሁን። ተማሪው ውሃ ውስጥ ሳይገባ፣ ከድልድይ ላይ በገመድ በታሰረ ባልዲ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ውሃ ይቅዳ፤ ያጣራ፣ ያድርቅ፣ ይመዝን። የውሃውን ፍጥነት ከዳር ሆኖ ብርቱካን በመወርወር ሊለካ ይችላል። ብርቱካን ከግማሽ በላይ ሰጥማ ስለምትንሳፈፍ ነፋስ እንደልቡ አይገፋትም፤ የላይኛው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥንም የተገኘው ፍጥነት በ0.85 ገደማ ይባዛል። ይህን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን በትጋት የመዘገበ ተማሪ፣ እርከንና ካብ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አይጠብቅም።

የሕይወቱ ትምህርት ደግሞ ወደ ጥር ይዛወር። ጥርን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ጎርፉ ካለፈ ወራት ስለሚሆነው ነፍሳቱ ተመልሰው ድንጋዩን ይዘውታል፤ የበልጉ ዝናብም ገና አልጀመረም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመንፈቅ ዓመት ዕረፍትም በዚያው አካባቢ ይውላል። የኮሌጅ ተማሪዎች የትምህርት ጊዜ ከዚህ ጋር ስለማይገጥም ለእነርሱ ቅዳሜና እሑድን መጠቀም ይኖርብናል።

ለነፍሳቱ ይህን ያህል ክብደት የምሰጥበትን ምክንያት ላብራራ። በጠርሙስ የቀዳነው ውሃ የሚመሰክረው ለቀዳንባት ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ሲነጋ አልፎ ስለሚሄድ በማግስቱ በሚቀዳ ጠርሙስ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ከድንጋይ ሥር ተጣብቃ የምትኖረው ኤፌመሮፕቴራ የተባለች በራሪ ነፍሳት ባለ ሦስት ጭራ እጭ ግን ክንፍ አውጥታ እስክትበር ድረስ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ውሃው ውስጥ ስለምታሳልፍ፣ በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ እዚያው ነበረች። ከአሸዋና ከቅጠል ቁርጥራጭ ቤቷን ሠርታ የምትኖረው የሌላዋ በራሪ ነፍሳት፣ የትራይኮፕቴራ እጭም እንዲሁ። ሁለቱ ጠፍተው፣ በሰውነቷ ሄሞግሎቢን ስላላት አየር ባነሰው ጭቃ ውስጥ መኖር የምትችለው ቀይዋ የማትናከስ ትንኝ እጭ ብቻዋን ከበዛች፣ ወንዙ በኦክስጅን እጥረት መታመሙን እንረዳለን። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ የእጅ ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል።

ኦክስጅንን ካነሣሁ መምህራን እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በመማሪያ መጻሕፍት በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚገኝ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን እንደሚይዝ የሚጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው ሩብ ያህል ያነሰ፣ ማለትም ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው። ተማሪው ይህን ሳያውቅ የጦሳ ተራራን ምንጭ ቢለካ፣ ምንም ያልጎደለባትን ምንጭ የተበከለች ብሎ ሊመዘግባት ነው።

ሌላው ሥራ በወንዝ ዳር ዛፎቻችን ላይ ነው። የአኻያና የሾላ ቅጠል በአንድ መረብ ከረጢት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሌላ ከረጢት መዝኖ ውሃው ውስጥ ማሰር፣ ከዚያም በየሳምንቱ እያወጡ የቱ ቶሎ እንደተበላና በየትኛው ላይ ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሰፈሩ ማየት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይታማ በመሆኑ ለብዙዎቹ የሚስማማ ምግብ አይደለም። ገበሬው ባሕር ዛፍ የሚተክለው ቸግሮት እንደሆነ አውቃለሁና ነቃፊ ሆኜ መቅረብ አልሻም፤ ነገር ግን ወንዝ ዳር የተተከለው ምን እንደሚያደርግ ልጆቹ በእጃቸው ይመዝኑት።

በዳር ቆሞ በጥንቃቄ መመልከት ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ከተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የእንዶድን ኃይል እናቶቻችን ልብስ ላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ እርሳቸው ግን የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ መሆናቸውን አስተዋሉ፤ ከዚያም በምርምር አረጋገጡት። ያዩትን ያየ ሌላ ሰው ከእርሳቸው በፊት ብዙ ይኖራል፤ ለምን ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ቢልሃርዝያ በእኛም አካባቢ፣ በከሚሴና በሐይቅ ዙሪያ ያለ በሽታ ስለሆነ፣ ያለ ቦቲ ጫማና ያለ ረጅም የጎማ ጓንት ማንም ተማሪ ወደ ውሃ እንዳይገባ ሥራ አመራሩ ወስኗል። በተለይ ቀንድ አውጣ የሚበዛበት የረጋ ውሃ፣ የበሽታው ጥገኛ ተውሳክ ከቀንድ አውጣው በብዛት በሚወጣበት በቀትር ሰዓት ፈጽሞ አይነካም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወሎ ውሃውን ወደ ሦስት አቅጣጫ ትልካለች፤ በበሽሎ ወደ ዓባይ፣ ከላስታ ወደ ተከዜ፣ በቦርከናና በሚሌ ወደ አዋሽ። እስከ ዛሬ ትምህርታችን በቦርከና ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። ከኩታበርና ከአምባሰል የመጡ ተማሪዎች በቤታቸው አጠገብ ያለውን ጅረት እንዲይዙ፣ በክረምት የለኩትን ቦታ በጥር ተመልሰው እንዲያጠኑ፣ መዝገቡም በግለሰብ እጅ ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። የጨፋን ረግረግ በዚህ ዓመት አላካተትኩም፤ በበጋ ከብቶቻቸውን እዚያ ከሚያግዱት የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ወገኖቻችን ጋር ሳንመካከር ተማሪ ይዘን መግባት ተገቢ አይመስለኝም።

ኮርሱን ለሁለት መክፈል ወጪው ከፍ እንዲል ያደርጋል፤ መጓጓዣው በእጥፍ ይጨምራል፣ መምህራኑም ከዕረፍታቸው ይሰጣሉ። የገንዘብ ያዡ ዝርዝር በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ይገኛል። ውሳኔውን የሚሰጠው ጉባኤው ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ በአጀንዳ ተራ ቁጥር ሦስት ሲደርስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቀድመው እንዲናገሩ ዕድል እንድትሰጧቸው አደራ እላለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን ያለፈውን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ በማንበብ ይጀምሩልን።