ከፈፋው ያነሣኋት ድንጋይ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ማይኩ አጠገብ ያለችው አንዲት ድንጋይ ብቻ ናት። ሎሚ ታክላለች።

ያገኘኋት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ነው። ጥር ላይ ከአጎቴ ጋር በእግር እየሄድን ነበር። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ዓይኔ አረፈባት። ከጥቋቁሩ ጠጠር መሃል ቢጫ ብላ ተቀምጣለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ዛጎል አይመስልም?" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ባሕር በሌለበት ዛጎል ከየት ይመጣል?"

ኪሴ ከተትኳት።

ቤት ገብቼ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ አጸዳኋት። ጠርዟ ላይ ጠብታ አቼቶ ሳደርግ ችስስ ብላ አረፋ አወጣች። የኖራ ድንጋይ ናት ማለት ነው። እናንተ ግን ይሄን አታድርጉት። አሲድ ቅሪተ አካሉን ይበላዋል። እኔም ባላደረግኩት ኖሮ እላለሁ።

ግን የምን እንስሳ ናት? ሁለት ክዳን ስላላት ተራ ዛጎል መስላኝ ነበር። ጂኦሎጂ ያጠና ጓደኛዬ "መሃሏ ላይ በዓይንሽ መስመር አስምሪ" አለኝ። አሰመርኩ። ግራና ቀኟ እኩል ነው። ወደ ጎን ሳዞራት ደግሞ አንዱ ክዳን ከሌላው ይተልቃል። ጫፉ እንደ ምንቃር ጎበጥ ብሎ ትንሽዬ ቀዳዳ አለው። ተራው ዛጎል አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ ክዳኖች መንትያ ይሆኑና እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የእኔዋ ስለዚህ ብራኪዮፖድ የሚባል ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ናት። በዚያች ቀዳዳ ሥጋማ እግሯን አውጥታ የባሕር ወለል ላይ ተጣብቃ ነበር የምትኖረው። የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ገደል የዚያ ባሕር ደለል ነው። 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ!

ወዲያው ለአጎቴ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ባሕር ነበረ!"

ከዚያ ጓደኛዬ "ከየትኛው ንብርብር ነው የወጣችው?" ሲለኝ ዝም አልኩ። ጎርፍ ከላይ ያመጣት ናት። ፎቶ አላነሣሁም፣ ቦታውንም ምልክት አላደረግኩበትም። አንሥቼ መሄድ ብቻ!

ድንቅነሽን አስቡ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን መጀመሪያ ያየው ከመሬት ብቅ ያለ የክንድ አጥንት ስባሪ ነበር። ቦታው ታውቆ ዙሪያው ስለተፈተሸ ነው ሌላው አካሏ የተገኘው። 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ የታወቀውም በአካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው። ያቺን የክንድ ስባሪ ቀድሞ አንድ እንደኔ ያለ መንገደኛ ኪሱ ቢከታትስ? ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

በሕጉም ቢሆን፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅ ያዛል። ብራኪዮፖድ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ቢሆንም ሳነሣት ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር። ብርቅ ብትሆንም ያው አነሣት ነበር። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አጎቴ ቦታውን አውቀዋለሁ ይላሉ፤ ከሾላዋ ዝቅ ብሎ ነው። ለመጪው ጥር ተቀጣጥረናል። ፈፋውን ሽቅብ ይዘን ቢጫው ድንጋይ ከየት እንደሚጀምር እናያለን። አሁን በየሳምንቱ እየደወሉ "ባሕርሽን መቼ ነው የምታሳዪኝ?" ይሉኛል።